ቁጥር አርባ አንድን ያጠብኩት እኔ ነኝ

ልጄ ፌቨን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ገና በሩን ሳታልፍ «እማ፣ ምን አለ?» ትላለች፤ የሚበላ ማለቷ ነው። የዚያን ሐሙስ ግን ዝም ብላ ገባች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ሰፌድ ይዤ ምስር እለቅም ነበር።

«ምነው? አመመሽ?» አልኳት።

«አላመመኝም። ኢምፔሪያል ጋ አንድ ሰውዬ አናገረኝ።»

«ምን ብሎ?»

«በስሜ ጠርቶ። ‹ፌቨን፣ እናትሽ ያን ጥቁር ድንጋይ የት ነው ያስቀመጠችው?› አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሳቀና ‹በይ እንግዲህ ንገሪያት፤ ድንጋይ ከልጅ አይበልጥም በያት› አለኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ደህና የለበሰ ነው እኮ እማ። ሽቶ ሁሉ ተቀብቷል። ዱርዬ ቢሆን እሮጥ ነበር።»

እጄ ምስሩ ላይ ቀረ። ድንጋዩ ያለው ከአጠገቤ ባለው የምስር በርሜል ውስጥ ነበር፤ ከታች። ስሟን ያውቃል። ትምህርት ቤቷን ያውቃል። የምትወጣበትን ሰዓት ያውቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ ድንጋዩን የሚያሳድዱት ሰዎች የሚያናድዱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስፈሩ ሆኑ። ልጄ መፍራቴን እንዳታይብኝ ሰፌዱን አጥብቄ ያዝኩ።

ይህን ለምን እንደምጽፍ ልናገር። አሠሪዬ በነበሩት በጋሽ ሀብቴ ቤት እሁድ እሁድ ይሰበሰቡ የነበሩት ሰማይ ተመልካቾች፣ የድንጋይ ጠባቂነት ሥራዬን መተዌን ሲሰሙ «ደስታ፣ ለመጽሔታችን የሥራ ዘመንሽን ትዝታ ጻፊልን፤ ጥሩ ጥሩውን» አሉኝ። ጥሩ ጥሩውን። መጥፎውን ማን ሊጽፈው ነው? እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፌቨን ፊደሉን አርማልኛለች፤ ቃሉን እንድትነካ ግን አልፈቀድኩላትም።

ከከምባታ የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የገባሁት ቦሌ ከአንድ ነጋዴ ቤት ነበር። ስድስት ዓመት ልብስ አጠብኩ፣ የሰው ልጆች አሳደግኩ። እመቤቲቱ እስከ መጨረሻው ስሜን አልያዘችውም፤ ከእኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ነበር የምትጠራኝ። ከዚያ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። እንፋሎቱ ደረቴን ሲያስቸግረኝ ወጣሁና ገርጂ አንድ እብነበረድ መቁረጫ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከመጋዙ ሥር የሚወጣውን ጭቃ መጥረግና የተቆረጠውን ማጠብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተመሰገንኩት በማጠብ ነው። «ደስታ ያጠበችው ፊት ያሳያል» ይሉ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ የምጠየቅበት ነገር ነው።

ጋሽ ሀብቴ የመጡት እዚያ እብነበረድ ቤት ነው። ካርታ ሥራ ላይ ቀያሽ ሆነው አገሩን በእግራቸው ዞረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሽማግሌ ነበሩ። በመሐረብ የተጠቀለለ ሎሚ የምታህል ድንጋይ አውጥተው «ለሁለት ትከፈልልኝ፤ ውሃ ግን እንዳይነካት፣ በዚህ እያራሳችሁ» ብለው የአልኮል ጠርሙስ ሰጡ። ልጆቹ ተሳሳቁ። መጋዙ ሲነካት ግን ድምፁ ተለወጠ። እብነበረድ ሲቆረጥ ያፏጫል። ይቺ አቃሰተች።

«ጋሼ፣ ይሄ ውስጡ ብረት አለበት» አልኩ፣ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ።

ዞረው አዩኝ። «በምን አወቅሽ?»

«መጋዙ ነገረኝ።»

አልሳቁም። የተከፈለችውን ድንጋይ አምጥተው አሳዩኝ፤ ግራጫ ሆኖ ውስጡ ላይ እንደ ጨው የተበተነ ብረት ያብረቀርቃል። «ከሰማይ የወደቀች ናት» አሉ። «ስምሽ ማን ነው?» የከተማ ሰው ስሜን ጠይቆ ይዞት ይሄዳል ብዬ አልጠበቅኩም። በሳምንቱ መጥተው «ደስታ አለች?» ብለው ጠየቁ። ቤታቸውን ላጸዳና ድንጋዮቻቸውን ልጠብቅ ያን ቀን ተስማማን። ደሞዙ ከእብነበረድ ቤቱ ብዙም አይሻልም ነበር። የሚሻለው ሌላው ሁሉ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። የሰማይ ድንጋይ መሰብሰብ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከሚመጣልህ መቶ ድንጋይ ዘጠና ዘጠኙ የምድር ነው። መጀመሪያ በእጅህ ትመዝነዋለህ፤ ከመጠኑ በላይ መክበድ አለበት። ከዚያ ማግኔት በክር ታንጠለጥላለህ፣ ድንጋዩን በቀስታ ታስጠጋለታለህ፤ ማግኔቱ ወደ ድንጋዩ ዘንበል ይላል ወይም አይልም። ማግኔቱን ድንጋዩ ላይ መለጠፍ ነውር ነው፤ የባለሙያ ሥራ ያበላሻል ይሉ ነበር ጋሽ ሀብቴ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ገልብጠህ፣ ባልተለሰነው ጀርባው ላይ ትፈትገዋለህ። ቀይ መስመር ከጻፈ የምድር ብረት ነው፤ ተሰናብቷል። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ካለው ተሰናብቷል። ካልተሰናበተ ደግሞ ቅርፊቱን ታያለህ። የሰማይ ድንጋይ ሲወርድ ላዩ ተቃጥሎ ስስ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፤ አንዳንዱም ሊጥ ላይ አውራ ጣት እንደተጫነበት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው። ያ ቅርፊት የመንገዱ ወረቀት ነው። እሱ ከሄደ ድንጋዩ እንዴት እንደመጣ አይናገርም።

ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ብረቱ ይዝጋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ሣጥን እናሽጋለን፤ ከእሱ ጋር ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን፣ እርጥበት የሚመጠውን ትንሽ ከረጢት። መገናኛ ያሉ ጫማ ሻጮች ያውቁኝ ነበር። «እናት፣ ጫማውን ሳይሆን ከረጢቱን ነው አይደል?» እያሉ ያጠራቅሙልኛል።

የጋሽ ሀብቴን አንድ ጠባይ ግን ሳልናገር አላልፍም። ስም ይቀድማል። አንዴ ላምበረት ከመነኸሪያው አካባቢ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጥቁር ነገር በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ምንድን ነው? የመብረቅ ድንጋይ ነው አይደል?» አለ።

«ስምዎን ይንገሩኝ» አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ መዝገባቸውን ገልጠው።

«ድንጋዩን አይተው አይነግሩኝም እንዴ?»

«ድንጋዩ የትም አይሄድም። እርስዎ ግን ተሳፋሪ ይጠብቅዎታል። ስም?»

ነገራቸው። «ሲያገኙት ምን ያደርጉ ነበር?»

ሹፌሩ እኔን አይቶ አፈረ። «እ... መኪና አቁሜ ሽንት ልሸና ወርጄ ነው።»

እንዳለ ጻፉት። ከዚያ ሴራሚኩ ላይ ፈተጉት፤ ቀዳዳውን በአጉሊ መነጽር አሳዩት። የፋብሪካ ብረት ሲቀልጥ የሚጣለው ዝቃጭ ነበር። «ይሄ ከሰማይ አይደለም። ዓይንዎ ግን ጥሩ ነው፤ ሌላው ሰው ረግጦት ያልፍ ነበር» አሉት። ሹፌሩ እየሳቀ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ሦስት ድንጋይ አምጥቷል። ሦስቱም የምድር ናቸው፤ ሦስቱም ላይ ስሙ አለ።

እሁድ የሚመጡት አባላት ግን ይህን ጠባይ አልወረሱም። ባለሙያዎች ናቸው፤ ሐኪም አለ፣ የኮምፒውተር ሰው አለ፣ ኢንጂነር ስለሺ የሚባል የሴራሚክ አስመጪም አለ። ድንጋይ አንስተው «ማን አገኘው?» አይሉም፤ «ከየት ነው?» ነው የሚሉት። የሚነሣውን እኔ አመጣለሁ፣ ያነሡትን እኔ እመልሳለሁ፣ ባዶ እጃቸው የነካውን በአልኮል እኔ እጠርጋለሁ፤ የላብ ጨው ያዝገዋልና። ጓንት ልበሱ ስላቸው «ደስታዬ ደግሞ ፕሮፌሰር ሆነች» ይላሉ። ይሁን፣ ይሳቁ። ሳቅ ጉዳት የለውም ብዬ አስብ ነበር።

ወደ ውድቀቴ ልምጣ።

አገር ቤት አክስቴ አየለች ጋ ሄጄ ነው። ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ በኮባ ይሸፈንና ከላዩ ከባድ ድንጋይ ይጫንበታል፤ የእኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከድንጋዮቹ አንዱ ጥቁር ነበር። ላነሣው ስል ከበደኝ። ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ማግኔት አለኝ፤ በክሩ አንጠለጠልኩት። ዘንበል አለ።

«አክስቴ፣ ይሄ ድንጋይ ከየት መጣ?»

«ባለቤቴ ነው ያመጣው፣ ነፍሱን ይማረውና። ቀትር ላይ ሰማዩ እንደ በሬ አጓራ፤ በማግስቱ እርሻው ውስጥ ተቀብሮ አገኘው። ለጉድጓዱ ጥሩ ክብደት ነው። ምን አደረገሽ?»

ሌላ የሚከብድ ድንጋይ ፈልጌ ተካሁላት፤ ተስማማች። ስምንት ኪሎ ነበር። ታችኛው ጎኑ ከቆጮው እርጥበት ዝጓል፤ የላዩ ግን ቅርፊቱ እንዳለ፣ የአውራ ጣቱ ጎድጓዳ ሁሉ ሳይጎድል ነበር። በአውቶቡስ አቅፌው መጣሁ።

ገርጂ ቤቴ ደርሼ ጆንያውን ስፈታ ሸተተኝ። ቆጮ ቆጮ ይላል። ለእኔ የእናቴ ቤት ሽታ ነው። ግን በማግስቱ እሁድ ነበር። ኢንጂነር ስለሺ አፍንጫውን ይዞ ምን እንደሚል በጆሮዬ ሰማሁት። አንድ ጊዜ ምሳዬን ሲያይ «ይሄ ነገር ከተቀበረ በኋላ ለምን ታወጡታላችሁ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞልቶት ያውቃል። አፈርኩ። እውነቱን እጽፋለሁ ካልኩ ይሄ ነው፤ በአገሬ ሽታ አፈርኩ።

ውሃ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ሎሚ ውሃ አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሎሚ፣ አመድ፣ የድስት ሽቦ። ይበልጥ የሸተተኝን ግራ ጎኑን ፈተግኩት። ጥቁሩ በእጄ ላይ ሲወርድ ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ በለብ ያለ ውሃ ለቅለቅ አደረግኩት። ፊት የሚያሳይ ሆነ።

ጋሽ ሀብቴ ሣጥኑን ከፍተው አዩት። ጣታቸውን በለሰለሰው ጎን ላይ አሳልፈው አንዲት ጥፍር የምታህል የተረፈች ቅርፊት አገኙ፤ እዚያ ላይ ቆሙ።

«ሽታው ስላስጠላኝ ነው» አልኳቸው።

«አንቺን ነው ያስጠላሽ?»

የእሁዶቹን ሳቅ ፈርቼ መሆኑን ያወቁት መሰለኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ቆይተው መዝገቡን ገልጠው ብዕሩን ሰጡኝ። «ቁጥር አርባ አንድ። አንቺ ጻፊው፣ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ስም፣ ቦታ፣ ምን ስታደርጊ እንዳገኘሽው። ያደረግሽውንም ጻፊ። መዝገብ ጥሩ ጥሩው ብቻ የሚጻፍበት አይደለም።»

በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ ጻፍኩት። የአክስቴን ስም፣ የባሏን ስም፣ የቆጮውን ጉድጓድ። በመጨረሻም፦ በግራ ጎኑ በሎሚና በሽቦ ታጥቧል። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደስታ።

በአሥር ቀን ውስጥ ዝገቱ እንደ ኩፍኝ ፈላበት። ከዚያ ወዲህ ማድረቅ ነው ሥራችን። በአልኮል መጥረግ፣ ከረጢቱን መለወጥ፣ ሰኞ ሰኞ ግራም በሚለይ ሚዛን መመዘን። እርጥበቱ ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል። «ሦስት ሰኞ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ከመዘነ ደርቋል» አሉ ጋሽ ሀብቴ። ወራት ፈጀ። በመሃሉ እሳቸው ታመሙ። ስብስቡን ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ዶክተር ሰናይት የምትባል የድንጋይ መምህር በፒክአፕ መጥታ ወሰደችው። ቁጥር አርባ አንድ ብቻ ቀረ፣ አልደረቀማ። ሣጥኑ ከተከፈተና መኪና ላይ ከተንገላታ ይሰነጠቃል።

«ሲደርቅ አንቺ ራስሽ አድርሺው። ከመዝገቡ ጋር» አሉኝ አልጋቸው ላይ ሆነው። «እሺ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ዘመዶቻቸው ቤቱን ሲረከቡ ሣጥኑንና መዝገቡን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስለዚህ ድንጋዩ እኔ ቤት የቀረው እኔ ስላጠብኩት ነው። ይህን አልክድም።

ኢንጂነር ስለሺ ከቀብሩ በኋላ ሁለት ጊዜ መጣ። «ደስታዬ፣ ስጪኝ እኔ በመኪና ላድርስልሽ» አለ። አልሰጥም አልኩ፤ አልደረቀም፣ አደራ ነው። «አንቺ እኮ የድንጋዩ ዕቃ ቤት ብቻ ነሽ» ብሎ ሄደ። በሳምንቱ እሱ አንድ እሁድ ያነሣው የቁጥር አርባ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ሲዞር ፌቨን አሳየችኝ። «የሰማይ ብረት፣ ስምንት ኪሎ፣ ኃይል ያለው» ይላል። በከተማው ሩዝ ይስባል፣ ስልክ ያጠፋል እየተባለ ብረት የሚያሳድዱ ደላሎች አሉ። እኔ በምስር በርሜል አስቀምጬዋለሁ፤ አንድ ምስር አልሳበም።

እና ያ ሐሙስ መጣ።

ዓርብ ጠዋት ፌቨንን ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው እህቴ አበባ ጋ ወስጄ አስቀመጥኳት። ከትምህርት ቤት ቀረች። የማትሪክ ተማሪ ናት፤ በድንጋይ የተነሣ ከትምህርት ቤት ቀረች። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ወጣት ነው፤ በትሕትና ሰማኝ።

«ድንጋይ ነው ያሉኝ፣ እናቴ?»

«አዎ።»

«ተሰረቀ?»

«አልተሰረቀም።»

«ልጅቷን ነኳት?»

«አልነኳትም። አስፈራሯት።»

«እንግዲህ ከነኳት ይምጡ፣ እንመዘግባለን።»

ከነኳት ይምጡ። ከዚያ ወዲያ ምን ላደርግ ልመጣ ነው? ምን አጥቤ ላስለቅቅ?

ከጣቢያው በቀጥታ ኢንጂነሩ ሱቅ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ፊት ነው የተናገርኩት፤ ቢሮ ግቢ ቢለኝ አልገባም አልኩ።

«ኢንጂነር፣ ልጄን ሰው አስቆማት።»

«ማን ነው እሱ?»

«እርስዎ የሚያውቁት ሰው። ፎቶውን የሰጡት።»

«አይ ደስታዬ፣ እኔ እኮ ምን ያወጣል ብዬ ጠየቅኩ እንጂ...»

«ስሜንስ ለምን ሰጡ?»

ሳቅ ብሎ እጁን ዘረጋ። «አንቺ ጋ ነዋ ያለው። ልዋሽልሽ?»

«ድንጋዩ የማኅበሩ ነው ሲሉ ነበር እሁድ እሁድ። ‹ደስታ ጋ ነው› ብለው ለደላላ ሰጡኝ። ‹እኔ ጋ ነው› ቢሉ ኖሮ የሚያስቆሙት የእርስዎን ልጅ ነበር።»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። «ስጪኝና ልገላግልሽ አልኩሽ አይደል?» አለ ዝቅ ብሎ። እንዲያ ነው። እሳቱን ለኩሶ ውሃ ሻጭ መሆን ይሉሃል።

ቅዳሜና እሁድ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ጸለይኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ላይ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁለቱንም ቀን ለስላሳ ሲጠጣ ዋለ። ጎረቤቴ ዘሀራ «ማንን ነው የሚጠብቀው ይሄ ሰው? ሦስተኛው ሚሪንዳው ነው» አለችኝ። ድንጋዩን ያኔውኑ ይዤ መሮጥ እችል ነበር ትሉ ይሆናል። ሁለት ሰኞ አንድ ዓይነት መዝኗል። ሦስተኛው ቀርቷል። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ያጠፋሁትን ድንጋይ ሁለተኛ በችኮላ ላጠፋው ነው? ሞኝነት ነው በሉኝ። አደራ ነው።

ሰኞ ጠዋት መዘንኩት። ያው። አንድ ግራም አልጎደለም። ደርቋል።

ለዘሀራ ሁሉንም ነገርኳት። «ቦርሳ ከያዝሽ ያዩሻል። እዘይው» አለች። ሣጥኑን ተውኩት። ድንጋዩን ከረጢቶቹ ጋር በሁለት ፕላስቲክ አሸግኩት፣ የጀርባዬ ላብ እንዳያገኘው። በፎጣ ጠቀለልነው፤ ታች በኩል ሌላ ፎጣ ጨምረን እግር የሚመስል አደረግንለት። የልጇን ሹራብ ኮፍያ አጠለቅንለትና በሻል አሳዘለችኝ። መዝገቡን ጡቴ ሥር አስገባሁት። ዘሀራ እንደ ሸኚ ወጥታ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች ጮክ ብላ «ክትባቱን ሲወጉት አልቅሶ እንዳያስቸግርሽ» አለች። ባለኮፍያው እጆቼን አየ። ባዶ ናቸው። ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ኢምፔሪያል ላይ የመገናኛ ታክሲ ገባሁ። ረዳቱ «እናት፣ ሕፃኑን እቀፊው፣ ወንበር እኮ እየያዘ ነው» አለ።

«ተኝቷል፣ ተወኝ» አልኩት፤ ወደፊት ተጠግቼ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ያሉ አሮጊት ኮፍያውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ስንት ወሩ ነው?»

«ስምንት» አለ አፌ። ኪሎውን ነው የተናገርኩት።

«ይከብዳል። ጡት ጠግቧል፣ ይባርክልሽ። ዝምተኛ ነው እንዴ?»

«በጣም።»

ከመገናኛ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ በእግር። ጀርባዬ ነደደ። አንድም ጊዜ ወደኋላ አላየሁም፤ ልጅ ያዘለች ሴት ወደኋላ አታይም።

ዶክተር ሰናይት ቢሮዋ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሳወርደው አልሳቀችም። ፊቷ ግን የከበደ ነበር። «እትዬ ደስታ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ስልኳን አዞረችልኝ። ኢንጂነሩ ጽፎላታል። ድንጋዩ የእሱ ነው፣ ከአፋር በረሃ ራሱ ያገኘው ነው፣ ሠራተኛዋ ከሟቹ ቤት ይዛው ጠፍታለች ይላል። ከነፎቶው።

ሠራተኛዋ። ይዛው ጠፍታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጣቱ የነካውን የጠረግኩለት ሰው።

«ድንጋዩ የማን ነው?» አለችኝ ዶክተር።

«የእኔ አይደለም። ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ» አልኩና መዝገቡን ከደረቴ አውጥቼ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ገለጥኩት።

ከላይ ጀምራ አነበበች። ስም፣ አክስቴ አየለች፣ የቆጮ ጉድጓድ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «በግራ ጎኑ በሎሚና በሽቦ ታጥቧል። ያጠብኩት እኔ ነኝ።» ጓንት አጠለቀች፤ እኔ ሳልነግራት። ፕላስቲኩን ፈታች። ጣቷ ግራውን ጎን ይዞ ሄደ፤ የለሰለሰውን፣ የሽቦውን ጭረት፣ ያቺን ጥፍር የምታህል ቅርፊት። እዚያው ላይ ቆመች፣ ልክ ጋሽ ሀብቴ የቆሙበት።

«ኢንጂነሩ ስለ መታጠቡ ምንም አልጻፈም» አለች።

«አያውቅማ። እሱ የሚጠይቀው ከየት መሆኑን ብቻ ነው፤ እሱንም ስቶታል።»

ፈገግ አለች። «አፋር ውስጥ ቆጮ አይቀበርም» አለች።

መረከቢያ ጻፈችልኝ። ያገኘችው ከሚለው ትይዩ የእኔና የአክስቴ ስም ገባ። ለመውጣት አልተነሣሁም። «አንድ ነገር ይቀራል» አልኳት። «አሁን፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፎቶ አንሺውና የእሁድ ሰዎች ባሉበት ቴሌግራም ላይ ላኪው። ድንጋዩ እዚህ ነው በይ። የአንቺን ስም፣ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም። ድንጋዩ እኔ ጋ እንደሌለ ደላሎቹ ማወቅ አለባቸው፤ ከእሱ በቀር የሚያድነኝ የለም።» አንቺ እያልኳት መሆኑን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሷም አላረመችኝም።

ላከችው። ስልኬ ላይ ሲገባ አየሁት። ሐኪሙ «እንኳን ደስ ያለሽ ደስታ» ብሎ ጻፈ። ኢንጂነር ስለሺ አውራ ጣት ላከ። ይቅርታ የሚባል ነገር እስከ ዛሬ ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ ከአፉ አልወጣም። መጽሔታችሁ ላይ ይህ ከወጣ ያንብበው። ካልወጣም የመዝገቡ ኮፒ አለኝ።

በማግስቱ ዘሀራ ደውላ «ባለኮፍያው ዛሬ የለም። ሱቁ ኪሳራ ላይ ነው» አለችኝ። ያም ሆኖ ወደ ገርጂ ለመኖር አልተመለስኩም። ዕቃዬን ወደ ቡልቡላ አስጫንኩ። ድንጋይ ጠባቂነቱንም ተውኩት፤ ድንጋዩ የሚጠብቀው አገኘ።

ያን ሰኞ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቼ ቡልቡላ ስደርስ ቀኑ ገና ነበር። ጀርባዬ ባዶ ነው፤ የተጎነበሰው ወገቤ ግን ቀና አላለም። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። እህቴ በቀዳዳው አየችኝና ሁለቱን ቁልፍ ፈታች። ፌቨን ከኋላዋ ብቅ አለች፣ ደብተር በእጇ።

«እማ፣ ምን አለ?» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ማለቷ አልነበረም።

«ድንጋዩ ደርሷል። ስማችን ተጽፎበታል። ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ፣ እኔ እሸኝሻለሁ» አልኳት።

ተቀመጥኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።